ውጥረትና ልብ ሰቀላ



ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚጓዝ መንገደኛ መተሐራ ሲደርስ በስተግራው የፈንታሌን ተራራ ያያል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የቀለጠ ዐለት ካፈሰሰ ወዲህ ዝም ብሎ ኖሯል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ግን በሥሩ ያለው ምድር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ንቅናቄው ወደ ሰሜን፣ ወደ ዶፈን ተራራ እየተዛወረ ሄዶ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቆ ወጣ፤ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ወለሉ ሲወዛወዝ ተሰማው።

በእነዚያ ወራት አንድ ቃል ከአቅሙ በላይ ተጫነ፤ ይኸውም «ውጥረት» የሚለው ነው። የምድርን ጠባይ ለሚያጠና ባለሙያ ውጥረት ማለት በስምጥ ሸለቆው የዐለት ቅርፊት ላይ ያለው ጉተታ ነው። በተራው ንግግር ግን ያው ቃል፣ በመጠለያ ተቀምጦ የሚመጣውን ለሚጠባበቀው ሰው ስሜት ዋለ። ሁለቱ ነገሮች ግን ሁለት ናቸው። የኋለኛው ስም አጥቶም አይደለም፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ልብ ሰቀላ የሚሉት፣ አንባቢም «ልብ አንጠልጣይ» እያለ የሚያሞግሰው እርሱው ነው። ጉድለቱ ከልብ ወለድ አጥር ወጥቶ ለመንገድና ለገበያ አለመዋሉ ነው።

ወጠረ የሚለው ግሥ ስለ ከበሮ ቆዳ፣ ስለ ክራር ጅማት፣ ስለ ድንኳን ገመድ ይነገራል። አንድ ነገር ይወጠር ዘንድ ሁለት ጫፍና ሁለት ተቃራኒ ጉተታ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ጫፍ ብቻ የተያዘ ገመድ አይወጠርም። የተወጠረውም ነገር አሁን፣ በፊት ለፊት ያለ ነው፤ የክራር ጅማት መወጠሩን ለማወቅ በጣት መምታት ይበቃል። ለሰቀለ ግን አንድ ጫፍ ብቻ ይበቃዋል። ከላይ ተይዞ ከታች የሚያርፍበት ያጣ ነገር ተሰቀለ ይባላል፤ ልብም ሲሰቀል ያርፍበታል የሚባለው መሬት ገና ያልመጣው ቀን ነው። የላቲን ቋንቋም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ እንግሊዝኛው ቴንሽን የሚለውን ያገኘው «ቴንዴሬ» ማለትም መዘርጋት፣ መወጠር ከሚለው ሲሆን፣ ሰስፔንስ የሚለው ደግሞ «ሱስፔንዴሬ» ማለትም ማንጠልጠል ከሚለው ነው።

የሁለቱ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በአፈታታቸው ነው። ውጥረት ይረግባል፣ ይላላል። የተሰቀለ ልብ ግን ያርፋል እንጂ ረገበ አይባልም፤ ከማረፉም በፊት የሚለምነው ቁርጡን ነው፤ ክፉም ቢሆን ቁርጡን። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ በቀረ ጊዜ በወዳጅ ዘመዱ ላይ የወደቀው ይህ ነው፤ ቁርጡ ላልታወቀ ሰው ለቅሶ እንኳ በወጉ አይቀመጡለትም።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለቱን ለይቶ ለማየት ይመቻል። በዛብህ በወላጆቹ ብፅዐት ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ነው፤ ልቡ ግን ለሰብለ ወንጌል አድሯል። ስእለቱ ወዲያ ፍቅሩ ወዲህ ይስቡታል፤ በላዩም የፊታውራሪ መሸሻ ዘርና ማዕረግ አለ። ይህ ውጥረት ነው፤ መጽሐፉን አሥር ጊዜ ላነበበው ሰውም አይረግብም። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ፍለጋ ስትወጣ ግን ትደርስበት ይሆን የሚለው ጥያቄ ልብ ሰቀላ ነው፤ መጨረሻውን ለሚያውቅ አንባቢ የለም ወይም እጅግ ቀንሷል። ደራሲው ከርእሱ ላይ መቃብርን ጽፎ መጨረሻውን ሳይደብቅ መነሣቱም የሚያስገርም ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ደግሞ፣ ትረካው በክፍል በክፍል መቆረጡ ብቻ መጨረሻውን የሚያውቀውን አድማጭ ሳይቀር እስከሚቀጥለው ጊዜ አንጠልጥሎ ያቆየው ነበር። ስለዚህ ውጥረት በታሪኩ ውስጥ ባሉት ሰዎች መካከል ይኖራል፤ ልብ ሰቀላ ግን የተመልካቹ ነው።

ወደ ስምጥ ሸለቆው የተመለሱ እንደ ሆነ፣ ምድሩ የተወጠረው በ2017 አይደለም። የምዕራቡ ደጋ የተቀመጠበት የኑብያ ቅርፊትና የአርሲና የሐረርጌ ደጋ የተቀመጠበት የሶማሊያ ቅርፊት በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየተራራቁ ነው፤ ይህም ሚሊዮን ዓመታትን ያስቆጠረ ጉተታ ነው። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ከላንጋኖ ግድም ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠው መንቀጥቀጥ የዚሁ ውጤት ነበር፤ አባ ፒየር ጉዊን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው የዚህንና የሌሎችን ታሪክ ሰብስበው ትተዋል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለው ሕዝብ ግን በዚህ ውጥረት ላይ ጎጆውን ቀልሶ፣ ሽንኩርቱን ተክሎ፣ ልጁን ድሮ ኖረ። ውጥረት ነበረ፤ ልብ ሰቀላ አልነበረም።

በ2017 የሆነውማ ይበልጥ ትምህርት አለው። ከሥር የቀለጠ ዐለት በተሰነጠቀው ቅርፊት ውስጥ እንደ ስስ ግድግዳ ሰርጎ ገባ፤ በዙሪያው ያለውም ዐለት በየስፍራው እየተሰበረ ያጠራቀመውን ጉልበት ለቀቀ። እያንዳንዱ መንቀጥቀጥ እንግዲህ በተሰበረበት ቦታ ውጥረትን ማርገቢያ ነበር። የሰው ልብ ግን በዚያው መጠን ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ ፈንታሌ ይፈነዳ ይሆን፣ የከሰም ግድብስ ይቋቋም ይሆን እያለ ሌሊቱን ደጅ አደረ። ለሁለቱ አንድ ስም የሰጠ ሰው ይህን ተቃራኒ ጉዞ ሊያየው አይችልም። ፈንታሌም ሳይፈነዳ መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ሄደ፤ የሰውም ልብ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወሬውም «ውጥረቱ ረገበ» አለ፤ የረገበው ግን የሰው ልብ እንጂ የሁለቱ ደጋዎች ጉተታ አልነበረም።

የቃሉ መደባለቅ ጉዳት የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ልብ ሲያርፍ ጉዳዩ ሁሉ ያለቀ ይመስላልና። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የሚኖር ባለ ቤት የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ አለ። «ተራራው መቼ ይፈነዳል?» የሚለው ከተሰቀለ ልብ የሚወጣ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ የሚነግረው ሊቅ በዓለም ላይ የለም። የሚቻለው በየዕለቱ የተመዘነውን ሳይደብቁ ማስታወቅ ነው፤ በወሬ ፋንታ እውነት የሰማ ሰው፣ ቁርጡ ባይደርሰው እንኳ፣ ወሬ ከሚሰቅለው ያህል አይሰቀልም። «ቤቴ ይቆማል ወይ?» የሚለው ግን ስለ ውጥረት የቀረበ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የመሬት መንቀጥቀጥን ግምት ውስጥ ባስገባው የሕንፃ ደንብ፣ በምሰሶውና በወራጁ መጋጠሚያ ባለው ብረት፣ በሲሚንቶውና በአሸዋው ልክ ውስጥ ይገኛል። አዳማ ውስጥ ዛሬ ፎቅ የሚያሠራ ሰው፣ መሬቱ ጸጥ ባለበት በዚህ ወቅት፣ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመሐንዲሱ ማቅረብ ይችላል።