ለየብቻ አትፈርሙ!

(ሀና ማርያም አካባቢ ለሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች በስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼና ወንድሞቼ!

«ጓዶች» ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ያቺን ቃል ደርግ አበላሽቶብን ሄዷልና ትቅር። በዕረፍት ቀናችሁ ከቅዳሴ መልስ ቤታችሁን ትታችሁ እዚህ የተገኛችሁት ለወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የታደላችሁን ወረቀት አንብቤዋለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ እናንተም እኔም እናውቀዋለን። ወረቀቱ ሦስት የነበረው ፈረቃ ሁለት ይሆናል ይላል፤ አንዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሌላው ከምሽቱ 1 እስከ ንጋት። የቆየው ቅጥራችሁም ቀርቶ የአንድ ዓመት ኮንትራት ትፈርማላችሁ። ለዚህ ሁሉ በወር 600 ብር «ማትጊያ» ይጨመርላችኋል። ቸርነት እኮ ነው!

«ሕጉ ይፈቅዳል» ተብላችኋል አሉ። ለመሆኑ የትኛው ሕግ? እኛ የምናውቀው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። እሱ ደግሞ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እስቲ ቁጠሩ። የምሳዋን አንድ ሰዓት ብንቀንስላቸው እንኳ በቀን 11 ሰዓት በስድስት ቀን 66 ሰዓት ነው። የሕጉ ጣሪያ 60 ነው። የተረፉት 6 ሰዓቶች ቢከፈልባቸውም ሕገ ወጥ ናቸው። ያውም ትርፍ ሰዓት እንደፈለጉ የሚታዘዝ አይደለም። አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሥራው እንዳይቋረጥ የቀረን ሰው ለመተካት ነው። ዓመቱን ሙሉ የማያልቅ «አስቸኳይ» ግን የት አገር ነው ያለው?

ወደ ኪሳችሁ ልምጣ። የወር ደመወዟ 5,200 ብር የሆነ አንዲት እህት እንውሰድ። በ26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 25 ብር ታገኛለች። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው በአንድ ተኩል ተባዝቶ ነው፤ 37 ብር ከ50 ሳንቲም መሆኑ ነው። በቀን 3 ሰዓት ትርፍ በወር 78 ሰዓት ይሆናል፤ ሲባዛ 2,925 ብር! እሷ የሚሰጧት 600 ነው። 2,325 ብሯ የት ገባ? የሌሊቱ ትርፍ ሰዓት በአንድ ከሦስት አራተኛ ስለሚባዛ የሌሊት ፈረቃ ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው።

ኮንትራቱን በተመለከተ ብዙ አላወራም። በሕጉ ማንኛውም ቅጥር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው፤ የወቅት ሥራ፣ ለጊዜው የቀረን ሰው መተካት፣ ድንገተኛ የሥራ መብዛትና የመሳሰሉት። ዘወትር የሚሽከረከር ማሽን ላይ የቆመ ሰው ከእነዚህ የትኛው ነው? ወረቀት ላይ «ኮንትራት» ተብሎ ስለተጻፈ ሥራው ጊዜያዊ አይሆንም። ነገር ግን በገዛ እጃችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ይህን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ትመላለሳላችሁ፤ ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ማኅበር ምን ያደርጋል?» ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። በ1987 ዓ.ም. ኢሠማኮ የመንግሥትን የኢኮኖሚ ፖሊሲ ስለተቃወመ ምዝገባው ተሰርዞ፣ ሊቀመንበሩ አቶ ዳዊ ኢብራሂም በኋላ አገር ጥለው ሲሰደዱ ያየ ሰው ቢፈራ አይገርምም። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. ያንኑ የሥራ ሕግ የሚቀይረው ረቂቅ ሲመጣ ኢሠማኮ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም እጠራለሁ ብሎ ስላስፈራራ ረቂቁ እንደመጣ አላለፈም። ሙሉ በሙሉ አሸንፈናል አልልም። የሙከራው ጊዜ ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ረዝሟል፤ የዓመት ፈቃድ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨምር የነበረው በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። በሌላ በኩል የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎም ነበር፤ ሹማምንቶቻችን ግን ወደ ባለሀብቱ ሲሮጡ የነበሩ እግሮቻቸው ወደ ሠራተኛው ሲመጡ ያነክሳሉ።

እና ምን እናድርግ? ፐርሶኔል ቢሮ አንድ በአንድ እያስጠራ «ፈርሚ፣ ካልፈረምሽ ውጪ» ሲል «ወረቀቱን ስጡኝ፣ ከማኅበሬ ጋር አይቼ እመለሳለሁ» በሉ። የሥራ ውል የሚሻሻለው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ የሥራ ደንብም ከአዋጁ በታች መውረድ አይችልም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ምንም አልተሻሻለም።

ተናዳችሁ ግን ከሥራ እንዳትቀሩ! በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ተጠንቅቃችሁ ስምንት ጊዜ ካረፈዳችሁ ወይም አምስት የሥራ ቀን ከቀራችሁ ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብቷችኋል። ይህንኑ ነው የሚጠብቁት። ሥራ ማቆምም ቢሆን የ10 ቀን ማስታወቂያና የራሱ ሥርዓት አለው፤ በአንድ ጠዋት ጩኸት አይደረግም።

የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል። የተባረረም ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። «አለቃዬ ነገ ይመልሰኛል» እያሉ ስንቶች ቀኑን አሳልፈውታል!

ከየፈረቃው ሁለት ሁለት ሰው ዛሬውኑ ምረጡ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ ጨለማ ውስጥ የምትቆመው እሷ ናትና። የተመረጡት የወረቀቱን ኮፒ ይዘው ወደ እኔ ይምጡ፤ ለድርጅቱ የሚሰጠውን የጋራ መልስ አብረን እንጽፋለን። እስከዚያ ድረስ የማንም ፊርማ እንዳይወጣ።