ለዘብተኛው ፖለቲከኛና የራሱ ወገን፦ ከ1997 ምርጫ የቀረልን ትምህርት

(በመካነ ሰላም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ይህን ንግግር እንዳቀርብ የጋበዘኝን የትምህርት ክፍል ከልብ አመሰግናለሁ። ርእሱን የመረጥሁት እኔው ነኝ። የመረጥሁበትንም ምክንያት ሳልደብቅ ብጀምር ይሻላል።

በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በቦረና ወረዳ ወጣት መምህር ነበርሁ። በ1998 መስከረም፣ ቅንጅት ምክር ቤት ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር በየቤቱ በጋለበት ሰሞን፣ አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። አጎቴ ገበሬና የአገር ሽማግሌ ነበሩ፤ ሬዲዮናቸውን ከአጠገባቸው አይለዩም። ዜናው ሲያበቃ፣ «የተሰጣችሁን ወንበር ያዙና የቀረውን ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የደረሰ እህል ቆሞ ሌላ ማሳ አይታረስም» አሉ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ «አንቱም ልደቱ ሆኑ እንዴ?» አልኋቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብትና ስለ ልጆች ያጫውቱኝ ነበር፤ ስለ አገር ጉዳይ ግን አንድም ቃል ነግረውኝ አያውቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ያን ቀን በአንድ ሰው ስም አጎቴን የሰደብሁት ለምንድን ነው? የአንድ ፖለቲከኛ ስም በጥቂት ወራት ውስጥ ከሙገሳ ወደ ስድብ የሚለወጠውስ እንዴት ነው? የዛሬው ንግግሬ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ቃላትን ላብራራ። «ለዘብተኛ» ስል የፓርቲውን ዓላማ ይዞ፣ ዓላማው በድርድር፣ በሕግና በደረጃ ይደረስበታል ብሎ የሚያምንን ሰው ማለቴ ነው። «ወግ አጥባቂ መሠረት» ስል ደግሞ ፓርቲውን በገንዘቡ፣ በድምፁና በእንባው የሚያቆመውን፣ የተበደለውን ያልረሳውንና ከባላጋራው ጋር መነጋገርን እንደ መሸነፍ የሚቆጥረውን ደጋፊ ነው። የኋለኛው ቃል በአፌ ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ራሴ ከእርሱ ወገን ነበርሁ።

አቶ ልደቱ አያሌው የላስታ ሰው፣ እንደ እኛው ወሎዬ ናቸው። ወደ ፖለቲካ የገቡት በጥር 1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ መሪነት በተቋቋመው በመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት፣ በመዐሕድ በኩል ነበር። የመዐሕድን መሠረት ሳናውቅ የኋላውን ታሪክ ልንረዳው አንችልም። ድርጅቱ የተወለደው በሽግግሩ መንግሥት ጉባኤ ላይ ውክልና የለንም፣ በየክልሉ የሚፈናቀል ወገናችንን የሚጠይቅ የለም ባሉ ሰዎች ነው። መሪው የታወቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበሩ፤ ለዓመታት ታስረው፣ ለሕክምና ከወጡ ከጥቂት ወራት በኋላ በግንቦት 1991 በፊላደልፊያ ዐረፉ። በ1989 ደግሞ በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ድልደላ «ቢሮክራት» ተብለው የተፈረጁ ብዙ ገበሬዎች መሬታቸው ተቀንሶባቸዋል። እንግዲህ ይህ መሠረት ባላጋራውን አለማመኑ ከጭፍን ጥላቻ ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ መሪውን በእስር፣ ማሳውን በገመድ ያጣ ሰው ያካበተው ልምድ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. በመዐሕድ ውስጥ የነበሩ ወጣቶች ተለይተው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን፣ ኢዴፓን መሠረቱ። አቶ ልደቱ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ። ክርክራቸው ትግሉ ከብሔር ወደ አገር አቀፍ ድርጅት ይሸጋገር፣ የውስጥ አሠራራችንም ዴሞክራሲያዊ ይሁን የሚል ነበር። ለነባሮቹ አባላት ግን መሪው ባረፉበት ማግሥት ቤቱን ጥሎ መውጣት ክህደት መሰላቸው። የሚያስገርመው፣ ብዙ ሳይቆይ መዐሕድም ራሱ ስሙን ለውጦ በኢንጂነር ኃይሉ ሻውል መሪነት የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት፣ መኢአድ ሆነ። ወጣቶቹ ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ፤ ሐሳቡን ቀድመው ያመጡት ሰዎች ግን ምሕረት አላገኙም። የለዘብተኛ ሰው የመጀመሪያው ዕጣ ይህ ይመስለኛል፤ ሐሳቡ ይወረሳል፣ ስሙ ይረገማል።

እነዚህ የተለያዩ ወንድማማቾች በ1997 ተመልሰው ተገናኙ። መኢአድ፣ በውሕደት ስሙ ኢዴአፓ-መድኅን የተባለው የእነ አቶ ልደቱ ፓርቲ፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ ሆነው ቅንጅትን አቆሙ። በምርጫው ዘመቻ የቴሌቪዥን ክርክሮች ላይ አቶ ልደቱ ያገኙትን ፍቅር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ሚያዝያ 30 በመስቀል አደባባይ የወጣውን የሕዝብ ማዕበል በሥዕል ያየ ሁሉ፣ እኛም እዚህ በደጋው ላይ ሆነን፣ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። ከክርክርና ከዳግም ምርጫ በኋላ በይፋ በተገለጸው ውጤት ቅንጅት ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበሮች 109ኙን፣ በአዲስ አበባም ምክር ቤት ከ138ቱ 137ቱን አገኘ። በመካከሉ ሰኔ 1 ቀን በአዲስ አበባ ደም ፈሰሰ።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነበር፤ ድምፃችን ተሰርቋል የሚል ሕዝብ ተወካዮቹን ወደዚያው ምክር ቤት ይላክ ወይስ አይላክ? አንገባም ያሉት ከባድ ምክንያት ነበራቸው። ተሰናባቹ ምክር ቤት ከመበተኑ በፊት አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ የአባላት ድጋፍ የሚጠይቅ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ከአዲስ አበባ አስተዳደርም ሥልጣን ተቀንሶ ነበር። እንግባ ያሉትም ምክንያት ነበራቸው፤ ወንበሩ የሕዝብ ነው፣ ዋና ከተማዋን መረከብ ለሚቀጥለው ምርጫ መሠረት ይጥላል፣ ጎዳናው ደግሞ የወጣቶችን ሕይወት ያስከፍላል አሉ። በዚያው ሰሞን አራቱ ፓርቲዎች ይዋሐዱ የሚለው ጉዳይ ተነሣ። የአቶ ልደቱ ፓርቲ በውሕደቱ አፈጻጸምና በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጥያቄ አቀረበ። ሕዝቡ ግን የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማኅተሙን አልሰጥም አለ» የሚል።

ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ጀምሮ የሆነውን ታውቃላችሁ። በሰኔና በጥቅምት የደረሰውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አባላት 193 ሲቪል ዜጎች መገደላቸውን ገልጸዋል። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፤ እስከ ሐምሌ 1999 ድረስም በእስር ቆዩ። አቶ ልደቱ አልታሰሩም፤ ፓርቲያቸውም በኋላ በራሱ ስም ምክር ቤት ገባ። ጓደኞቹ ወኅኒ ሳሉ እርሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ምንም ያህል ሕጋዊ ክርክር ቢኖረው፣ በሐዘን ቤት ውስጥ ሊደመጥ አይችልም። እኔም በዚያ ወቅት ማስረጃ አልጠየቅሁም። ከሃዲ ነው ሲባል ሰማሁ፤ ደግሜም አወራሁ።

እዚህ ላይ የሁለቱንም ወገን ጥፋት እንደ መምህር ልመዝን። አቶ ልደቱ ከምርጫው በኋላ «የአረም እርሻ»ን፣ በ2002 ደግሞ ስለ ሦስተኛ አማራጭ የሚከራከሩበትን «መድሎት»ን ጽፈዋል። ክርክራቸው በወረቀት ላይ የተደራጀ ነው። በእኔ እይታ ጉድለቱ ክርክሩ ላይ ሳይሆን ጊዜው ላይ ነበር። ሰው በሚያለቅስበት ሰዓት ስለ አንቀጽና ስለ ማኅተም ተነገረው። ለዘብተኛ መሪ ውሳኔውን ከወሰነ በኋላ ማስረዳት ይጀምራል፤ ደጋፊው ግን ከውሳኔው በፊት መጠየቅ ይፈልጋል። ወግ አጥባቂ መሠረት ብዙ ጊዜ የሚቆጣው በመለዘቡ ሳይሆን ሳይነገረው በመለዘቡ ነው።

የእኛስ ጥፋት? እኛ ለመሪዎቻችን የሰጠናቸው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ እምቢ ማለት። እምቢ ያለ ጀግና፣ እሺ ያለ ባንዳ ሆነ። «እስቲ እናስብበት» ለሚል ሰው ስም አልነበረንም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ምርጫ፣ ተቃዋሚው በምክር ቤቱ ያገኘው አንድ ወንበር ነው፤ በ2007 ደግሞ ያም አልቀረም። ለዚህ የሕግ መጥበብ፣ እስርና ፍርሃት ትልቁን ድርሻ እንደሚይዙ ጥርጥር የለኝም። ሆኖም 109 ወንበር በእጃችን ሳለ ምን ልናደርግበት እንችል እንደነበር በሰከነ መንፈስ ሳንወያይ መቅረታችን የራሳችን ዕዳ ነው። ምናልባት ብንገባም ውጤቱ ያው ይሆን ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ውይይቱ ራሱ መከልከሉ ነው፤ የከለከልነውም እኛው ነን።

ይህ ዕጣ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን በኦክስፎርድ የተማሩ፣ የመኳንንት ልጅ ነበሩ። የካቲት 21 ቀን 1966፣ የወሎ ረኀብ ያስከተለው ቁጣ አገሩን ባናወጠበት ወር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የመሬት ይዞታ እንዲሻሻል፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲለወጥ ቃል ገቡ። ለወጡበት የመኳንንት ወገን ይህ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ለተማሪውና ለወታደሩ ደግሞ ከሚገባው ያነሰ። ሐምሌ 15 ተሻሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር በጥይት ተገደሉ። በመሃል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ጥላቻን ይቀበላል።

በሠለጠነ ዴሞክራሲ ውስጥም ነገሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ጆን ማኬይን በሚኒሶታ ደጋፊዎቻቸውን ሲያነጋግሩ፣ ተፎካካሪያቸውን ባራክ ኦባማን መፍራት አያስፈልግም በማለታቸው የገዛ ደጋፊዎቻቸው ጮኹባቸው። አንዲት ሴት ኦባማ ዐረብ ነው ብላ ስትናገር ማይክሮፎኑን ወስደው፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰውና የማልስማማበት ዜጋ ነው ብለው አረሟት። ምርጫውን ተሸነፉ። ልዩነቱ ግን በማግሥቱም ፓርቲያቸው ውስጥ ነበሩ፤ በምክር ቤታቸውም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ ነው፤ ለዘብ ያለ ሰው ተሸንፎ በክብር የሚቀመጥበት ቦታ።

በቦታ ረገድ ወሎ ድሃ አይደለም። ከዚህ ከቦረና እስከ ሳይንት፣ ከወግዲ እስከ ለጋምቦ፣ ደም ሲፈስ አበጋርና የአገር ሽማግሌ መሃል ይገባል። ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ገዳይና የሟች ወገን በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ሽማግሌውን ባንዳ የሚለው የለም። ታዲያ ለምን ፖለቲከኛውን እንላለን? ብዙ አስቤበታለሁ። ሽማግሌው ከሁለቱም ወገን ውጭ ቆሞ ያስታርቃል፤ ለዘብተኛው ፖለቲከኛ ግን የአንደኛው ወገን ልጅ ነው። ሊገታቸው የሚፈልጋቸው ሰዎች፣ የቆመበትን መሬት የሰጡት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከሽማግሌው የበለጠ መታመን ያስፈልገዋል።

ከሽማግሌው ሥርዓት ግን ሦስት ነገሮችን መበደር እንችላለን። ሽማግሌ ስለ ካሣ ከማውራቱ በፊት የሟችን ቤት ይደርሳል፤ ፖለቲከኛውም ስለ ድርድር ከማውራቱ በፊት የወገኑን ሐዘን ይቀመጥ። ሽማግሌ በድብቅ አይጨርስም፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሰው እየሰማው ይናገራል፤ ፖለቲከኛውም ለባላጋራው የሚለውን ለደጋፊው አስቀድሞ ይንገር። የመጨረሻው የእኛ ድርሻ ነው፤ ሽማግሌ የተናገረው ባያስደስተንም ቃሉን አስጨርሰን እንሰማዋለን።

ውድ ተማሪዎች፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን የሆነውን እናንተ ከእኔ ይልቅ በወጣትነታችሁ እየኖራችሁት ነው። በቅርቡ አንድ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ የማስበውን በክፍል ውስጥ ብናገር ለየትኛው ወገን ነህ ይሉኛል» አለኝ። በሩን ዘግቶ ነበር የነገረኝ። የአጎቴ ዝምታ ትዝ አለኝ። አጎቴ ትክክል ነበሩ ወይስ ተሳስተው ነበር፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ የሆንሁበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ያን ቀን «እስቲ ምክንያቱን ያስረዱኝ» ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ አንድ ወጣት ሌላኛውን ወገን ሰምቶ በወጣ ነበር።

ይህች ከተማ መካነ ሰላም ተብላለች፤ የሰላም ቦታ። ስሙን ያወጡልን አባቶች ናቸው፤ እንደ ስሙ ማድረጉ የእኛ ፋንታ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኔን የምትቃወሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፤ በሩም ክፍት ነው።