ካንቶ ወይስ ካንቶ? የስፓኒሽ ግሶች አነባበብ

(የመክፈቻ ዜማ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አንድ የስፓኒሽ ግስ ሁለት ጊዜ ልጥራላችሁ።

(«ካን»ን በማጉላት) ካንቶ፦ እዘፍናለሁ።
(«ቶ»ን በማጉላት) ካንቶ፦ ዘፈነ።

የተለወጠው የሚጎላው ቀለም ብቻ ነው። ነገሩ እንደ አማርኛችን ፊደል ማጥበቅ አይደለም፤ ቀለሙን በሙሉ ጎላ አድርጎ መጥራት ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ቃሉ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ካለቀ ከመጨረሻው በፊት ያለው ቀለም ይጎላል። በሌላ ተነባቢ ካለቀ ግን የመጨረሻው፤ «መዝፈን» የሚለው «ካን-ታር» እንዲህ ነው።

ከደንቡ የወጣ ቃል ሲጻፍ የሚጎላው አናባቢ ላይ ጭረት ይደረጋል። «ዘፈነ» የሚለው «ካን-ቶ» መጨረሻው ላይ፣ «እንዘፍን ነበር» የሚለው «ካን-ታ-ባ-ሞስ» ደግሞ «ታ» ላይ ጭረት አላቸው።

ስታነቡ ጭረት ካያችሁ እሱን ተከተሉ፤ ከሌለ የቃሉን መጨረሻ ተመልከቱ።

(የመዝጊያ ዜማ)