«አፍ» በጅግጅጋ



የድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ላይ ሸቀጥ የሚያራግፍ አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴ ሶማሊኛ ባይሰማም አንዲት ቃል አትጠፋውም፤ «አፍ»። ሶማሌው «አፍ» ሲል የሚበላበትም ነው፣ የሚናገረውም ቋንቋ ነው። ሶማሊኛ «አፍ ሶማሊ»፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ደግሞ «አፍካ ሆዮ»፣ የእናት አፍ ይባላል። ኦሮሞው «አፋን»፣ አፋሩም «አፍ» እያለ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ግዕዝ ግን ቋንቋን ለልሳን ሰጠው። አማርኛ መሐል ላይ ቀርቷል፤ ቋንቋን «አፍ» ባይለውም፣ ልጅ የሚማረውን የመጀመሪያ ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ማለቱን አልተወም።

ማን ከማን ወሰደ? ጥያቄው ሲነሣ መልሱ ይቸኩላል። ዐረብኛ «ፈም»፣ ዕብራይስጥ «ፔ» ይላሉ፤ ሁለቱም መነሻቸው ላይ «አ» የላቸውም። ግዕዝ ከእነዚህ የሴም ዘመዶቹ ተለይቶ፣ እንደ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ «አ» ብሎ ይጀምራል። ሥሩ ሴምና ኩሽ ሳይለያዩ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ መልኩ ላይ ግን የጉርብትና እጅ ያለበት ይመስላል።

ሶማሊኛ ከዚህች ቃል ብዙ ወልዷል። ቃል አቀባዩ «አፍሀዬን» ነው፣ አፍ ያዥ እንደ ማለት። ሰው ማገት «አፍዱብ»፣ አፍን መጠቅለል ነው። መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ «አፍገምቢ» ይባላል፤ ዕቃን በአፉ መድፋት ማለት ነው። አማርኛም «መንግሥቱን በአፍጢሙ ደፉት» ቢል ከዚህ አይርቅም።

ምላስ ራሱስ?

አማርኛው «ላሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሶማሌው «ዐረብ» ይላል፤ «ረ» ጠብቆ። ሳይጠብቅ ከተነገረ ግን ዐረቡ ሕዝብ ይሆናል! የግዕዝ ፊደል ጥብቀትን ስለማያሳይ ሁለቱን የሚለያቸው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሶማሊኛን በዚሁ ፊደል ሲያስተምር ይህ ጣጣ ነበረበት። ሞቃዲሾ በ1965 ዓ.ም. የደነገገችው የላቲን አጻጻፍ የጠበቀውን ድምፅ ደርቦ ይጽፋል፤ ዛሬ በጅግጅጋ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበትም እሱ ነው። እሱም ቢሆን ለአዲስ አበባ እንግዳ ወጥመድ አያጣም። «ሐ»ን በኤክስ፣ «ዐ»ን በሲ ስለሚጽፍ፣ እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን የሐሊማን ሱቅ «ዛሊማ» ብሎ አንብቦ ያልፋል።