ስለ ኢዮቤልዩና ስለ ሰው ልጅ መብት
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ የእልልታና የድግስ ስም ሆኖአል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 የተጻፈው ግን ሌላ ነው። በ50ኛው ዓመት መለከት ሲነፋ፥ በድኅነት ምክንያት የተሸጠ ወንድም ከጌታው ቤት ይወጣል፤ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የበዓሉ ሥር አርነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ምዕራፍ ሳያቋርጥ ያነበበ ሰው፥ መለከቱ የሚነፋው ለእስራኤል ልጅ ብቻ እንደሆነ፥ ከአሕዛብ የተገዛው ባሪያ ግን ለልጅ የሚወረስ ገንዘብ ሆኖ እንደሚቀር ያገኛል። ፍትሐ ነገሥትም በ31ኛው አንቀጹ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነ ከተናገረ በኋላ፥ ወዲያው ጦርነት ተሸናፊውን ለአሸናፊው ባሪያ እንደሚያደርገው ይናገራል። ሰው ሲጠቅስ ፊተኛውን ቃል ይጠቅሳል፤ ለብዙ ዘመን የተሠራበት ግን በኋለኛው ነው።

ለዚህ ነገር ይህ የደብረ ታቦር ምድር በቂ ምስክር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዘዙ። ይህ ትእዛዝ በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ከደቡብ እስከ ባሕር ወደብ ብዙ ነጋዴ የሚኖረው በዚሁ ንግድ ነበርና። ነገር ግን እኒያው ንጉሥ፥ ወንጌል ሊያስተምሩና በእጅ ሥራ ሊኖሩ የመጡትን አውሮጳውያን በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲያፈሱ አስገደዷቸው፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልቀሩም። አንዱን ሰንሰለት የፈታ እጅ ሌላውን አሰረ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የመቅደላው ነገር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ጥቂት አውሮጳውያን እስረኞችን ለማስፈታት፥ ከህንድ ዝሆን ሳይቀር በመርከብ አስጭኖ፥ 13,000 የሚሆን ወታደር ላከ። እስረኞቹም ዳኑ። በዚያው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ግን በዚያው ተራራ ታስረው የነበሩ ብዙ የአገር ልጆች ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። ስለ እነሱ የተጫነ መርከብ አልነበረም፤ የብዙዎቹም ስም አልተጻፈም። የእግር ብረቱ አንድ ዓይነት ነበረ፤ የተለየው ጠያቂው ነው።

ዐፄ ዮሐንስም በዚሁ በደብረ ታቦር አጠገብ በሰመራ ከተሙ። በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ዓድዋ ላይ የባሪያን ንግድ የሚከለክል ውል ተዋዋሉ፤ ይህ ይመሰገናል። ከዚያ በፊት ግን በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ ወዲህ የወሎ እስላም በግድ እንዲጠመቅ ታዝዞ ብዙ ሰው ከቀየው ተሰደደ። በቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ይህን ማንሣት ደስ የማያሰኘው ሰው ይኖር ይሆናል። ቢሆንም በግድ የተጠመቀ ሰው ለማን ምስጋና እንደሚሆን የሚያስረዳ ሊቅ እስካሁን አልተገኘም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. በመስከረም ወር ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ፤ ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ ግን በ1934 ዓ.ም. ተነገረ። በመካከሉ ፋሺስት ኢጣልያ ወረረች፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው አቤት ቢሉ፥ በባርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ሲመረምር የነበረው ማኅበር ለኢትዮጵያ አልቆመላትም። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የሰው ልጅ መብት መግለጫ በተባበሩት መንግሥታት ሲጸድቅ፥ 48 መንግሥታት ደግፈው 8 ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ኢትዮጵያ ከ48ቱ አንዷ ነበረች።

በዚያ ጊዜ በጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የሚኖሩት ቤተ እስራኤል ግን ርስት አልነበራቸውም። ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጣሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፤ የሚያርሱት የሰው መሬት ነበረ። በቀን ምጣዱን ከእጃቸው የገዛ ገበሬ፥ ማታ ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ይሸሽግባቸው ነበር። የሸማኔውና የፋቂውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የሚያርሱት መሬት ሊያገኙ ተፈቀደ። ይህን የፈቀደው ደርግ ግን ብዙ ሳይቆይ ቀይ ሽብር አወጀ፤ የልጁን ሬሳ ከመንገድ ሊያነሣ የመጣ ወላጅ የጥይት ዋጋ የተጠየቀበት ዘመን ያ ነው።

በኅዳር ወር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጽ ባርነትንና ጭካኔን ይከለክላል፤ በ13ኛውም ስለ መብት የተጻፈው ሁሉ ከዚያ ከ1941ዱ መግለጫ ጋራ ተስማምቶ እንዲተረጐም ያዛል። ከዚህ የተሻለ ጽሕፈት መፈለግ አያስፈልግም።

ጽሕፈቱ እንዲህ ሳለ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ንፋስ መውጫን ለጥቂት ቀናት ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ 16 የከተማዪቱን ሴቶች ጠይቆ የደረሰባቸውን ግፍ ጻፈ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ የተደፈሩት በብዙ ወንዶች ነበር። የሕክምና ቤቱም ተዘርፎ ስለ ነበረ በጊዜው መድኃኒት አላገኙም። የዚህ አገር ሰው ስለ እነዚህ ሴቶች አለቀሰ፤ ተገቢ ልቅሶ ነው። ነገር ግን በዚያው ጦርነት ውስጥ በትግራይ ሴቶች ላይ ከወዲህ በኩል በሄደ ወታደር የተሠራው ግፍ ሲነገር፥ ያው አልቃሽ ፊቱን ያዞር ነበር። በትግራይም በኩል ስለ ንፋስ መውጫ ሲነገር እንዲሁ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት ጋራ አጥንቶ በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ጽሕፈት፥ ተዋጊ ወገኖች ሁሉ ግፍ መሥራታቸውን ገለጸ። ሁሉም ወገን ስለ ሌላው የተጻፈውን ገጽ ብቻ አነበበ።

የዓለምም መንግሥታት ከዚህ አልተሻሉም። በ2014 ዓ.ም. የባለሙያዎች መርማሪ ጉባኤ አቋቁመው፥ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘመኑ ሲያልቅ የሚያሳድስለት አልተገኘም። በዚያው ጊዜ በዚህ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሥቶ፥ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቅዶ ነበረ። ለ6 ወር ተብሎ ታወጀ፤ 4 ወር ተጨመረበት። ብዙ ቤተ ሰብ ስንቅ ይዞ በየእስር ቤቱ በር ቆመ፤ ከበሩም ላይ የአንዱ ዘበኛ ጥያቄ፥ የታሰረው ምን አደረገ ሳይሆን፥ የማን ወገን ነው የሚል ነበረ።