ወጧ የተናገረላት ልጅ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ስላነበብኩት አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ጠይቆኛል። ደራሲዋ ላውራ ኤስኪቬል የሜክሲኮ ተወላጅ ናት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ፤ በ1992 ፊልም ሆነ። ርእሱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ለቸኮላታ እንደ ተጣደ ውሃ» እንደ ማለት ነው። በአገሩ ሰዎች አነጋገር፣ በንዴትም ይሁን በፍቅር ሊገነፍል የደረሰ ሰው እንዲህ ይባላል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1910 በተነሣው የሜክሲኮ አብዮት ዘመን፣ ፒየድራስ ኔግራስ በምትባል የጠረፍ ከተማ አጠገብ ነው። ቲታ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት። በቤተሰቡ ወግ ደግሞ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ አታገባም፤ እናቷ እስክትሞት ድረስ ስታገለግል ትኖራለች። ፔድሮ የሚባል ወጣት ከአባቱ ጋር መጥቶ ቢጠይቃት፣ እናትዮዋ ታላቅ እህቷን ሮሳውራን እንዲያገባ ሐሳብ አቀረቡለት። እሱም እሺ አለ! ምክንያቱስ? ከቲታ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ለመኖር።

ቲታ የሆዷን በሆዷ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። አስማቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእህቷን የሠርግ ኬክ ስታዘጋጅ እንባዋ ሊጡ ውስጥ ይወርዳል፤ ኬኩን የበላ ሠርገኛ ሁሉ የድሮ ፍቅሩ ትዝ እያለው ያለቅሳል፤ ያስመልሰዋል። ፔድሮ በሰጣት ጽጌረዳ የሠራችው የወፍ ወጥ ደግሞ ሌላዋን እህቷን ገርትሩዲስን በፍቅር ያነዳታል፤ ከአንድ የአብዮት ወታደር ጋር በፈረስ ትጠፋለች። መጽሐፉ 12 ምዕራፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ወርና አንድ የምግብ አሠራር ተሰጥቶታል። እኔማ እስከዚህ ድረስ እራቴን ረስቼ ነው ያነበብኩት።

ታዲያ ቅር ያሰኘኝ ምንድን ነው? መጨረሻው። ከብዙ ዓመት በኋላ ፔድሮና ቲታ ብቻቸውን ሲገናኙ፣ እሱ ከደስታው ብዛት ይሞታል፤ እሷም ትከተለዋለች፤ እርሻው በሙሉ በእሳት ይጋያል። ያምራል፤ ግን አስማቱ ፔድሮን ከተጠያቂነት አወጣው። ታማ ሳለች ያስታመማትና ምርጫውን ለራሷ የተወላት ሐኪሙ ጆን ከእሱ የተሻለ ሰው ነበር።

ለእኔ ትልቁ ቦታ አስማት የሌለበት ነው። ሮሳውራ ልጇን ኤስፔራንሳን በዚያው ወግ አስራ ልታስቀራት ስትል፣ ቲታ አፍ አውጥታ ትከራከራታለች። ልጅቷም በኋላ ለማግባት በቃች። ደራሲዋ ለእሳቱ የሰጠችውን ያህል ለዚህ ክርክር ብትሰጠው ምን ነበረበት?

ይህን የምለው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። እናታችንን ለማስታመም ከቤት የቀረች ታናሽ እህት አለችኝ። ወጧን እየበላን «እጅሽ ይባረክ» እንላታለን። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። መጽሐፉን ስጨርስ ሄጄ ጠየቅኋት። ዝም አለች፤ ከዚያ ብዙ ተናገረች። አሁን ከወንድሞቼ ጋር ተራ ገብተናል፤ እሷም የማታ ትምህርት ጀምራለች።

በእኛ ቤት ወጥ የሚያስለቅሰው ሽንኩርቱ ሲከተፍ ብቻ ነው፤ የሠራችውን ሰው ሆድ አይናገርም። ስለዚህ እንጠይቅ።