ሂሳቡ ተዘግቷል
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው አባሎቻችን ስለጻፍነው አጭር የሬዲዮ ድራማ ነው። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቀልድ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ጎረምሳ የሰፈሩን ባለሱቅ ይወዳታል። መናገር ግን ይፈራል። ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ እየመጣ ክብሪት ይገዛል። «ሌላስ ምን ልስጥህ?» ትለዋለች። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይንተባተባል፣ በመጨረሻም «ሌላ... ክብሪት» ይላል። ሲጋራ አያጨስም፤ ቤቱም የሚያበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። በሬዲዮ ፊት አይታይምና ፍቅሩን የምንሰማው በኪሱ በሚንኮሻኮሸው ክብሪት ነው። በመጣ ቁጥር ድምፁ ይጨምራል።

የተከራከርነው አጨራረሱ ላይ ነበር። አንዳንዶቻችን ልጅቷ ቀስ በቀስ እሺ ብላ ድራማው በእልልታ እንዲያልቅ ፈለግን። «ሴት ልጅ መጀመሪያ ትግደረደራለች እንጂ ወዲያው እሺ አትልም» ያሉ እናቶችም ነበሩ። እውነታቸውን ነው፤ መግደርደር ያደግንበት ነው። እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ብለን እንጀራ እንጨምርለታለን፤ እሱም ይበላል፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። ችግሩ «በሞቴ» ከማዕድ ተነስቶ ወደ ፍቅር ሲሻገር ነው። ያን ጊዜ «አልፈልግም» ያለች ሁሉ የተግደረደረች ትመስላለች።

ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ብዙዎቻችን የምንውለው ሱቅ፣ ጉሊት ወይም ቁርስ ቤት ነው። ለደንበኛ ፈገግ ማለት የሥራችን አካል ነው። ያንን ፈገግታ ተስፋ አድርጎ የሚመላለስ ሰው ሲመጣ ሥራችንን ጥለን የት እንሄዳለን? ብንቆጣው ደንበኛ እናጣለን፤ ዝም ብንለው «ተስማማች» ይባላል።

«አልፈልግም ብትል ልቧ አይደለም» የሚለው አስተሳሰብ ክፉ ጫፉ ጠለፋ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ከቅጣት እንደማያድን ደነገገ። ሬዲዮም የድርሻውን ተወጥቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈውን «የቀን ቅኝት»ን ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጠለፋም በየቤቱ ያነጋገረ ድራማ ነበር።

የእኛ ድራማ አጨራረስ ይህ ሆነ። ጎረምሳው እንደ ምንም ይደፍርና እንደሚወዳት ይነግራታል። «አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን አልፈልግም» ትለዋለች። ተናዶ ደብተር ያወጣል።

«ሦስት ወር ሙሉ የገዛሁት ክብሪት ይኸው ተጽፏል!»

«ወንድሜ፣ ገንዘብ ከፈልክ፤ ክብሪት ወሰድክ። ሂሳቡ ተዘግቷል።»

«ታዲያ ነገ አልምጣ?»

«ክብሪት ካለቀብህ ና።»

«እሱስ... ለልጅ ልጆቼም ይተርፋል።»

ከዚያ የኪሱ ክብሪት እየራቀ ሲሄድ ይሰማል።

ሂሳብ ለምንሠራ ሰዎች ነገሩ ግልጽ ነው። ዕቃው ከወጣ፣ ገንዘቡ ከገባ፣ ዕዳ የለም። ማኪያቶ መጋበዝም፣ የስልክ ካርድ መላክም ስጦታ ነው፤ በተሰብሳቢ ሂሳብ አይመዘገብም።

«ታዲያ ለምን በቀልድ?» ለምትሉን ደጋፊዎቻችን መልሳችን አጭር ነው። ስብከት ሲጀመር ወንዶች ልጆቻችን ተነስተው ይወጣሉ፤ ቀልድ ሲሰሙ ግን ቁጭ ብለው ይስቃሉ። ይህ ጎረምሳ ክፉ ሰው አይደለም። ያፍራል፣ ይንተባተባል፣ ያሳዝናልም። በመጨረሻ ግን የተባለውን ሰምቶ ይሄዳል። ልጆቻችን እንዲማሩልን የምንፈልገው ይህንኑ መስማት ነው።

አደራችን ድራማውን ከሴት ልጆቻችሁ ጋር ብቻ ሳይሆን ከወንዶቹም ጋር ሆናችሁ እንድታዳምጡት ነው። ቡና እየተፈላ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይጥማል፤ ክብሪት እንደሆነ ሞልቷል።